ከተረከዝ ኋላ የታሰረ ክር

ሟቹ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። የወታደር ልብሱ ተተኩሷል፤ ኒሻኖቹ ደረቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ከስክስ ጫማው ፊት ያሳያል። ያን ዕለት ረፋድ በቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ሜዳይ ሊጠለቅለት ነበር። ሰዉ «አባ ዝም» ይለዋል፤ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅምና።

ጎረቤቶች ደስታ ገደለው ብለው ነበር። ሐኪሙ ግን የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ሲያይ የደም ነጠብጣብ አገኘ፤ ከጥርሱ መሀል ደግሞ የትራስ ጨርቅ ክር። ታፍኖ ነው የሞተው። መርማሪዋ የተጠራችው ያኔ ነው።

ይቺ መርማሪ ጡረታዋ የደረሰ ቀጭን ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፣ እሷም አትቀየምም። ክፍሉን በዝግታ ዞረችው። የሌሊት ልብሱ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ትራሱ ከራሱ ሥር ነው፤ የረጠበው ወገን ግን ወደ ታች ተገልብጧል። እንግዲህ የገደለው ሰው ከገደለው በኋላ አልብሶታል ማለት ነው፤ ለባብሶ ጋደም እንዳለ ነፍሱ የወጣች እንዲመስል። ከዚያ ወደ እግሩ ወረደች፤ እዚያ ቆየች። የጫማው ክር ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ የታሰረው ከኋላ ነው፤ ከተረከዙ በላይ። የሁለቱም እግር እንደዚያው።

ቤቱ የእኅቱ ነው። የዚህች ሴት ነገር፣ ልጆቼ፣ አንጀት ይበላል። ባሏ ከወንድሟ ጋር በአንድ ጓድ ዘምቶ በዚያው ቀረ። «ከድቶ ነው» ተባለ፤ ስሙም ከመታሰቢያው ድንጋይ ተዘለለ። ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበረች፤ አሁን ፀጉሯ ነጭ ነው፤ ዛሬም ድረስ ወፍጮ ቤት ተራ ስትይዝ «የከዳተኛው ሚስት ወደ ኋላ» ይሏታል። ወንድሟ ሲሞት ደግሞ በር ላይ የቆሙት፣ «ባልየው ከዳ፣ እሷ ገደለች» እያሉ ሲንሾካሾኩ መርማሪዋ ራሷ ሰምታለች። ማታ ከቤቱ ጩኸት ተሰምቷል አሏት።

«እትዬ፣ ማታ ምን አጣላችሁ?» ስትል ጠየቀቻት።

«‹ነገ አዳራሹ ውስጥ እናገራለሁ፤ የባልሽ ስም ድንጋዩ ላይ ይገባል› አለኝ። እስካሁን የት ነበርክ፣ ምኑን ነው የምትናገረው ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለ። ልጄ፣ የገደለውን ብታገኚውም ባታገኚውም እግዜር ያውቃል። እኔ የምፈልገው ያቺን ሊናገራት የነበረችውን ነገር ነው።»

ጠዋት ዳቦ ልትገዛ እንደ ወጣች፣ ስትመለስ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሻምበሉ፣ ወንድሟን በመኪና ሊወስድ መጥቶ ደጅ ቆሞ እንዳገኘችው፣ አብረው እንደ ገቡም ነገረቻት። ሻምበሉ ከመኝታ ክፍሉ ደፍ ሳያልፍ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶ አለቀሰ። ሬሳውን አልነካም።

የሟቹ ልጅ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ዓይኑ እንባ የለውም። አባቱ ሲደበድበው እንኳ ቃል እንደማይተነፍስ፣ በቀበቶው ብቻ እንደሚያወራ ሳያፍር ተናገረ። መርማሪዋ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባት ፈጥና ወደ ጫማው ገባች።

«ጫማውን ራሱ ነው የሚያስረው?»

«በምን ወገቡ? ጥይት ከገባበት ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። እኔ ነኝ የማስርለት። ዛሬ ግን ከንጋት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ፤ ተሳፋሪዎቼን ይጠይቁ።»

«እንዴት ነው የምታስርለት?»

«እንደ ሰው ነዋ፤ ከፊት።»

ተሳፋሪዎቹም፣ የመነኻሪያው ተቆጣጣሪም ከመሪው እንዳልወረደ መሰከሩለት።

አዳራሽ ስትደርስ በዓሉ አልተቋረጠም። ሻምበሉ ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ሜዳዩን ባዶ ወንበር ላይ አኑሮ ስለ ወንድማማችነት ሲናገር ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። ከንግግሩ በኋላ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ አሮጌ ፎቶግራፍ ፊት አገኘችው። በፎቶው ላይ ወታደሮች በቃሬዛ ሰው ይሸከማሉ።

ከአባ ዝም ጓድ ሁለቱ ብቻ ተርፈው እንደ ነበር፣ አሁን እሱ ብቻውን እንደ ቀረ እየተከዘ ነገራት። ቃሬዛው ላይ ያለው ቆስሎ ነው ወይስ ሞቶ ብላ ጠየቀችው።

«ሞቶ ነው፣ እኅቴ። ጫማውን ይዩ። የሞተውን ክር ከኋላ እናስራለን። በጨለማ ስንሸከም ሕያውና ሬሳው የሚለየው በዳሰሳ ነበር። የእኛ ጓድ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በቁሙ እንደዚያ የሚያስር የለም፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው።»

ሲናገር ኩራት በኩራት ነበር። እጁ ጠዋት የሠራውን አፉ አላወቀም።

ከሰዓት በኋላ እኅቱን፣ ልጁንና ሻምበሉን በእኅትየዋ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከስክሱን፣ ክሩ እንደ ታሰረ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ገዳዩ ሟቹን እንዳለበሰው አስረዳች። ልጁ የሚያስረው ከፊት ነው፤ ደግሞም መሪ ላይ ነበር። እኅትየዋ ወንድሟን የምትፈልገው በሕይወት ነበር፤ ከእሱ አፍ የሚወጣውን ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። ሟቹ ራሱ አይታጠፍም፤ ቢታጠፍም በቁሙ ከኋላ አያስርም።

«ይህን አስተሳሰር የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሟቹ ነው» አለች። «ጠዋት በእኅቱ ፊት ከደፍ አላለፉም፣ ሬሳውንም አልነኩም፣ ሻምበል። ሊቀመንበር ነዎትና ዛሬ እንዲናገር ተራ የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ከጓዱ የተረፉት ሁለታችሁ ናችሁና ምን ሊናገር እንደ ነበር የሚያውቁትም እርስዎ ብቻ። እኅቱ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ገቡ። እጅዎ ግን የሞተ ወታደር ጫማ ሌላ አስተሳሰር አያውቅም። ጓንቱን ያውልቁ።»

አላወልቅም አለ። በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ አወለቀለት። አንጓው ላይ የጥፍር ቡጭሪያ ነበር፤ ቁስሉ ገና አልሻረም።

ልጁ ተነሥቶ ሊያንቀው ሲል አክስቱ በእጇ መለሰችው። ሻምበሉ ፊት ቆመች። ስለ ወንድሟ አልጠየቀችም።

«ባሌ ከድቷል?»

ሻምበሉ አያት። ሰው ሲወድቅ ብቻውን መውደቅ አይወድም።

«አልከዳም። ሆዱን ተመትቶ ይጮህ ነበር፤ ጠላት ደግሞ አጠገባችን ነበር። ጩኸቱ እንዳያስጨርሰን አፉን በእጄ አፈንኩት። ሬሳውን ገደል ከተትነው፤ ከዳ ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ወንድምሽ ይህን ነው ሊናገር የነበረው።» ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ከስክስ አየ። «ይቺን ግን የሚነግርሽ አይመስለኝም። ሲንፈራገጥ እግሩን የያዘልኝ እሱ ነው።»

ሴትየዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። መርማሪዋ ሻምበሉን አስወሰደችው፤ ሥራዋ አልቋል፤ ግን መሄድ አቃታት፤ የሴትየዋን እጅ ይዛ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ ማኅበሩ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት ስም ሊያስቀርጽ ወሰነ፤ የባልየውን፣ ሞቶም ቢሆን ኒሻን ያለው ነውና የአባ ዝምንም። ድንጋይ ቀራጩ ቤቷ ድረስ መጥቶ በትሕትና ጠየቃት፤ አማችና አማች ናቸውና አጠገብ ላጠገብ ላድርጋቸው ወይ አለ።

«የባሌን ከላይ አድርግልኝ» አለችው። «የወንድሜን ከፈለግህ ጻፈው፤ ካልፈለግህም ተወው። ባሌ እግር ሥር ግን እንዳታደርገው።»