በቀንድ ዋንጫው ሥር

የዓለምዬ አስከሬን ገና ሳይገነዝ እናቷ ወይዘሮ ወርቄ ደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ ደርሰው «ልጄን ባሏ ገደላት! መድኃኒቷን ጥሎባት ነው!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ኢንስፔክተር አልጣሽ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ባይ ናትና አሮጊቷን ደግፋ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

የሟቿ አንገት ግራና ቀኝ አብጧል።

«መርዝ ነው?» አለች።

«የለም፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው። መንገዱን የጠረገለት ግን ኤችአይቪ ነው» አለ ዶክተር ፀጋው። «ይህ የንፍፊት ዕጢ የሰውነት ወታደሮች የሚሰፍሩበት ቦታ ነው። ቫይረሱ ራሳቸውን ወታደሮቹን ይዞ እዚያው ይሸሸጋል። ገዳይ የሚባሉት፣ በቫይረሱ የተያዙትን የሚያጠፉት ሴሎች እንኳ ወደ ዕጢው ውስጠኛ ክፍል እምብዛም አይዘልቁም።»

«ምእመን መቅደስ እንደማይገባው?»

«እንደዚያው። መድኃኒቱ እንዳይራባ ያስረዋል እንጂ ከዚያ አያስወጣውም፤ ሲቋረጥ ይፈታል። ዓለምዬ ለዓመታት ደህና ነበረች፤ ከካቻምና ወዲህ ግን ቫይረሱ ተመለሰባት። መድኃኒቷን ከእኛ መቀበሉን አንድም ቀን አላስታጎለችም። ትውጪያለሽ ወይ ስላት ‹ምን ቆርጦኝ እተዋለሁ› ትለኛለች።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

አልጣሽ ቤታቸው ስትደርስ ባልየው መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ከሐዘናቸው ይልቅ ስማቸው ያሳሰባቸው መሰሉ።

«መድኃኒቷን በእጄም አልነካሁ። በሽታው የእሷ ነው፤ እኔ አልተመረመርኩም፣ አልመረመርምም! ካቻምና አንገቴ አብጦ፣ ከስቼ፣ ማኅሌት መቆም ሲያቅተኝ በጠበል ድኛለሁ።»

«ጠበሉን ማን ያቀርብልዎ ነበር?»

«እሷው። ማታ ማታ፣ በዚህ ዋንጫ።»

አልጣሽ የቀንድ ዋንጫውን አነሣች። ሥሩ ላይ የደረቀ ነጭ ዝቃጭ አለ። በጥፍሯ ፍቃ በምላሷ ጫፍ ብትነካው እንደ ሬት ይመራል።

ከዚያ ጠበል አጥማቂውን አባ ገብረ ሚካኤልን ጠየቀች።

«አባ፣ መድኃኒት አቁሚ ብለዋት ነበር?»

«እኔ? ለማንም ብዬ አላውቅም፣ ልጄ። እንዲያውም ካቻምና ‹ለታመመ ሰው ክኒን በጠበል በጥብጦ መስጠት ኃጢአት ነው ወይ?› አለችኝ። ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው አልኳት።»

ከቀብር መልስ አልጣሽ አራቱንም ሰብስባ ዋንጫውን መካከል አስቀመጠች።

«እማማ ወርቄ፣ መሪጌታ መድኃኒቱን አልጣሉባትም። ጥለውባት ቢሆን ለዶክተሩ ትናገር ነበር። የደበቀችው ራሷ ስለሰጠችው ነው። የመሪጌታ የአንገት እብጠት የጎደለው ካቻምና ነው፤ ቫይረሱ በእሷ ላይ የተመለሰውም፣ አባን የጠየቀቻቸውም ያኔ ነው። ዋንጫው ሥር ያለው ክኒን ነው። መሪጌታ፣ እርስዎ አልመረመርም አሉ፤ ላልተመረመረ ሰው መድኃኒት የሚሰጥ የለም። እሷ የነበራት የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ነው። እሱን አጠጣችዎ።»

«ውሸት!» አሉ መሪጌታ። ዋንጫውን አንሥተው ዝቃጩን ቀመሱት፤ በሁለት እጃቸው እንደያዙትም ተቀመጡ።

«ይመራል እያልኩ እቆጣት ነበር» አሉ። «አንድ ቀንማ ደፋሁባት። ዝም ብላ ሌላ አመጣችልኝ።»

«እሷ ታማ ከተኛች ወዲህ መድኃኒቱን አልወሰዱም» አለ ዶክተር ፀጋው። «ያደፈጠው ቫይረስ መፈታቱ አይቀርም።»

ወይዘሮ ወርቄ ተነሡ፤ ሁሉም መሪጌታን ሊያንቋቸው ነው ብሎ ነበር።

«ተነሥ፤ ትመረመራለህ» አሏቸው። «አንተ ከሞትክ ልጄ በከንቱ ሞተች።»

መሪጌታ ከተቀመጡበት አልተነሡም። አሮጊቷ በክንዳቸው ይዘው ጎተቷቸው።