የሁለቱ ሰንጣቂዎች ቤት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱንም አጥፉት፤ ጆሮ ብርሃን አይሻም።

መናፍስት በጨለማ ብቻ የሚወጡ ይመስላችኋል? ይህ የሆነው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ እንኳ ዝም ስትል። ድሮ ነው። ቢተው የሚባል ሰው በዚያ ሰዓት መጥረቢያውን ተሸክሞ፣ ወደ ጫካው የሚያወጣውን ቀጭን መንገድ ብቻውን ያዘ። ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሁለቱ ሰንጣቂዎች ቤት።

ቤቱ የማን ነው? ድንቁና ጉልላት የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። የመንደሩን ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ የስንቱን ሙሽራ አልጋ ጣውላ የሰነጠቁ እነሱ ናቸው። መጋዙ ለሁለት የሚሳብ ነው። ድንቁ ከግንዱ ላይ ይቆማል፤ ጉልላት ከግንዱ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። «ሳብ» ይላል አንዱ፤ «ሳብ» ይላል ሌላው። አንድ ቀን ግንዱ ተንሸራተተና ጉልላትን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገደለው። ድንቁ ወንድሙን ቀበረ። ከዚያ አብረው በሰነጠቁት ጣውላ ከጉድጓዱ በላይ ቤት ሠራ። አንድ ሚስማር የለበትም። ድንቁም ሲሞት መንደሩ ማለ፤ ይህን ቤት የሚነካ አይኑር ብሎ።

ቢተው ግን ለአዲሱ ቤቱ ጣውላ ፈለገ። ሚስቱ አሰገደች ለመነችው።

«ተው ቢተው። ያ ቤት የአገር ነው።»

«የአገር ከሆነ የኔም ነው» አላት።

ደረሰ። በሩን ገፍቶ ገባ። መጥረቢያውን ወለሉ ውስጥ ሰክቶ አንዱን ጣውላ ነቀለ። ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ወጣ። ዛሬ የተሰነጠቀ የዝግባ ሽታ ሸተተው። ማን ሰንጥቆ? አዳመጠ። ኽርር... ኽርር... መጋዝ ነው። ‘ከጫካው ይሆናል’ አለ በልቡ፤ ሁለተኛውን ጣውላ ያዘ። ድምፁ ቀረበ። እጁን ቢያይ እስከ ክርኑ እርጥብ ሰጋቱራ ለብሷል።

«ሳብ» አለ ከታች አንድ ድምፅ።

ቢተው ሊሸሽ ዞረ። በሩ የት አለ? በገባበት በኩል ግድግዳ ነው።

«ወንድሜ ደከመው» አለ ድምፁ። «አንተ ሳብ።»

ከጨለማው ውስጥ የመጋዝ እጀታ ብቅ አለ። የቢተው እጆች ሳያዛቸው ሄደው ያዙት።

ባሏ ሲቆይባት አሰገደች ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ ሄደች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቢተው ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይስባል፣ ይለቃል። በእጁ ምንም የለም። መዳፉ ግን ተልጦ ደም ያንጠባጥባል።

«ቢተው፣ ተነስ እንሂድ» አለችው።

ድምፁ ከታች መለሰላት። «ተዪው። ገና አልጨረስንም።»

ጎረቤቶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እሷ አልሸሸችም። የተነቀለውን ጣውላ አነሳች፣ ቦታው ላይ አጋደመች፣ በመጥረቢያው ጀርባ እየመታች መለሰችው። ድምፁ ቀጥ አለ። ቢተው ወደቀ።

ሞተ? አልሞተም። ሃያ ዓመት ኖረ። ግን ቀትር በደረሰ ቁጥር፣ እየበላም ይሁን እያወራ፣ ክንዶቹ መጋዝ እንደሚስብ ሰው ወደላይና ወደታች ይሄዱ ነበር። አሰገደች ጨብጣ ትይዘዋለች። ማስቆም ግን አትችልም። ለምን ይመስላችኋል? እሷ በዚህ ስትይዘው፣ በወዲያ በኩል የሚስበው ነበራ።

ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ አንድ ጣውላ አልጎደለበትም። ሄዳችሁ እዩት፤ የአባቶቻችሁ እጅ ነው። ግን ብቻችሁን አትሂዱ። በቀትር አትሂዱ። እዚያ ውስጥ የሚጠራችሁ ቢኖር፣ ሥራ ፈትቶ አይምሰላችሁ።