ነዳጁን ያሸተተው ሰው

በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለው ጠርሙስ ከሽማግሌው መካኒክ እጅ ወደ ነዳጅ ቀጂው እጅ ተሻገረ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

«ዓመት ሙሉ ደብቄዋለሁ» አለ መካኒኩ። «የዚያች በተነሣች በደቂቃዋ የወደቀችው አብራሪ ነዳጅ ነው፤ ከታንኳ የቀዳሁት። እስቲ አሽትተው።»

አሸተተ። ምንም አይሸትም።

«ውሃ ነዋ! እንደ ነዳጁ ሰማያዊ ቀለም ነክረውታል። ልጅት በብርጭቆ ቀድታ፣ በብርሃን ቀለሙን ብቻ አይታ ተነሣች። ነዳጅ የሚያሸት አብራሪ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አላየሁም።»

ቀጂው ጥርሱን ነከሰ። በዚህ ትንሽ አየር ማረፊያ ሰባት ወር የከረመ ሰላይ መሆኑን መካኒኩ ያውቃል። የሟቿ ወንድም መሆኑን ግን አያውቅም። እሷም ሰላይ ነበረች። የሰላዮችን ስም ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ ሰው እንዳለ ደርሳበት፣ ልትናገር ስትበር ወደቀች። ሪፖርቱ «የአብራሪዋ ስህተት» ብሎ ዘጋው። እናቷ ሳትቀር አመነች። ስሟን የሚያጠራላት ይህ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ የእሱም የእህቱም የስለላ አለቃ ደረሰ። የምስጢር ስሙ «ጋሼ» ነው። ትንሿን አውሮፕላን የሚያበርራት ራሱ ነው፣ ብቻውን። ለሃያ ደቂቃ መንገድ ሁለቱንም ታንክ አስሞልቷል።

«ጎማው አየር ይበቃዋል?» አለ። ፈልገህ አምጣ ያልኩህ ጠርሙስ እጅህ ገባ ወይ ማለቱ ነው።

ቀጂው ከመመለሱ በፊት ጋሼ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ ነዳጅ በብርጭቆ ቀዳ። ወደ ብርሃን አላነሣውም።

ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

ለካ አንተ ነህ! የቀጂው ደም ፈላ።

«መንፊያው ተበላሽቷል፣ ጌታዬ» አለ። አላገኘሁም ማለቱ ነው።

«ግድ የለም፣ የኔ ልጅ። ሽማግሌው መካኒክ ላይ ዛሬውኑ ሰው እልክበታለሁ» አለ ጋሼ ፈገግ ብሎ። ቦርሳውን የአውሮፕላኗ ወንበር ላይ ጥሎ የበረራ ቅጽ ሊፈርም ቢሮ ገባ።

ለማን ይንገር? ከጋሼ በላይ የሚያውቀው አለቃ የለም። ቦርሳው ውስጥ የሰላዮቹ የስም ዝርዝር ሳይኖር አይቀርም፤ ሁለት ታንክ ነዳጅ ደግሞ ድንበር ያሻግራል። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ዝርዝሩ አላሰበም። እህቱን ነው ያሰበው። የእጁን ያግኝ!

ክንፉ ላይ ወጣ። የታንኩን ክዳን ከፈተ። ጠርሙሱን ከደፋው የእህቱ ማስረጃ አብሮ ይደፋል።



ደፋው። እስከ ጠብታው።

አውሮፕላኗ ተነሣች። ከአጥሩ ማዶ፣ ዛፎቹን እንዳለፈች፣ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተንተባተበ። ከዚያ ዝም አለ። ቀጂው እስክትወድቅ ድረስ ዐይኑን አልነቀለም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

በግርግሩ መሃል ቱታውን አውልቆ በበሩ ወጣ።

በማግስቱ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ በሌላ ስም፣ ከአንድ ሱቅ ለእናቱ ደወለ።

«ሰማህልኝ?» አለች እያለቀሰች። «ያ ደጉ የእህትህ አለቃ ወድቆ ሞተ!»

«ሰማሁ፣ እማ።»

«የሱ እንኳ የሞተር ጉድ ነው የሚሆነው። እንዲያ ያለ ጠንቃቃ ሰው! እንደኔዋ ችኩል መች ሆነና።»

አፉን ከፈተ። የሚያሳያት ነገር የለውም።

«አዎ፣ እማ» አለና ስልኩን አስቀመጠ። ወረፋ ለሚጠብቁት ቦታውን ለቆ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለ።