አገባሽ ነበር

ሰው ሁሉ «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» ሲለኝ አልሰማሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቂሜን እንደ ልጅ አዝዬ ነው የዞርኩት። ዛሬ የማወራላችሁም እሱን ነው።

በአንድ የትርጉም ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደንበኛ ነው። «ትንሽ ይጠብቁኝ» ለማለት ብዬ «ዩ ማስት ዌይት!» አልኩት።

ከኋላዬ ሳቅ የሚያፍን ሰው ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ረጅም ሰው ወረቀት ታቅፎ ቆሟል። የቢሮው ዋና ተርጓሚ ነው፤ ሁሉም «ሊቁ» ይሉታል።

«ሰውየው ምን በደለሽ?»

«ኧረ ምንም!»

«‹መጠበቅ ግዴታህ ነው› አልሽው እኮ። ‹ኩድ ዩ ዌይት› በይው፤ እሷ ልመና አለባት።»

«ይሄን ሁሉ የምትለውጠው አንዲት ቃል ናት?»

«አንዲት ቃል ናት...» አለና ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ያጠፋችኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፋት ብጣሽ ወረቀት አገኛለሁ። አንድ ቀን «ሜይ አይ ሲት ሂር?» ብሎ አስቀመጠና መልሴን ሳይጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ማለት ነው?»

«ፈቃድ መጠየቅ።»

«ከተቀመጥክ በኋላ?»

ሳል ሲይዘኝ «ዩ ሹድ ሬስት» ብሎ ጻፈልኝ። ምክር ናት አለኝ። እኔ ግን እንደ እቅፍ ሞቀችኝ።

በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት ወረቀቷ ላይ «አይ ውድ ሜሪ ዩ» የሚል አነበብኩ። እሱ ያን ቀን ለሥራ ወጥቶ ነበር። ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም።

«እማዬ፣ ሊያገባኝ ነው!»

እማዬ ለአክስቴ ነገረች፤ አክስቴ ደግሞ ለሰፈሩ። ሳይነጋ ያልሰማ አልነበረም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሂሳብ ሹሟና ሁለት ተርጓሚዎች ባሉበት፣ «እማዬ መቼ ነው ቤት የሚመጣው እያለች ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«አገባሻለሁ ብለህ የለ!»

ሂሳብ ሹሟ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሱ ፊቱ ቀላ። ወደ እነሱ አየ፣ ወደ እኔ አየ... ከዚያ ሳቀ!

«‹ዊል› መቼ አልኩ? ‹ውድ› እኮ ነው ያልኩት። ‹አገባሻለሁ› ሳይሆን ‹አገባሽ ነበር›! ምኞት እንጂ ቃል አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ «ወይዘሮ ዊል» ሆነ። በአምስተኛው ቀን ሥራዬን ለቀቅኩ። እማዬ ጎረቤት ላለማግኘት በጓሮ መንገድ ዞራ ሱቅ መሄድ ጀመረች። በእኔ ከመሳቃቸው በላይ ያቃጠለኝ የእሱ ሳቅ ነው።

«ባዋረድከኝ ቃል አዋርድሃለሁ» ብዬ ማልኩ።

የሰዋስው መጽሐፍ ገዛሁ። ምሳሌዎቹን ትቼ ሁሉንም በእሱ ላይ እሠራቸው ነበር። «ማይት» ጭላንጭል ናት፤ «ይወድቅ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። «ሹድ» ላይ ስደርስ «ቢወድቅ ይገባዋል።» «ማስት» ላይ ስደርስ «መውደቅ አለበት!» «ዊል» ላይማ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ቀደደው፤ «ይወድቃል።» ጥላቻ እንዲህ ጎበዝ አስተማሪ መሆኑን ማን ያውቃል?

በሁለተኛው ዓመት የመድኃኒት መመሪያ በሚያሳትም ድርጅት ውስጥ የትርጉም መርማሪ ሆንኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት የልብ መድኃኒት መመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የተርጓሚውን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሱ ነው!

አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። እንግሊዝኛው «ማስት ኖት» ይላል፤ ታካሚው መድኃኒቱን በድንገት ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም ማለት ነው። ሊቁ ግን «በድንገት ማቋረጥ አያስፈልገውም» ብሎታል። አንዱ ክልከላ ነው፤ ሌላው «ከፈለግህ አቋርጠው» እንደማለት ነው። በዚህ ሰው ሊሞት ይችላል።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዓርብ እሱ ራሱ የሚገኝበት ስብሰባ ነበር። ሰው ፊት ሲዋረድ ማየት ፈለግሁ፤ አምስት ቀን ምላሴን ነክሼ ቆየሁ።

ዓርብ ገባ። ከስቷል፤ ሸሚዙ አልተተኮሰም። ሲያየኝ ደነገጠ። እኔ ተነስቼ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ሊቁ፣ ‹ማስት ኖት› ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱን ይችላሉ?» አልኩት፣ «እርስዎ» እያልኩ።

ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

«ልክ ነዎት» አለ በመጨረሻ። «ሰው እገድል ነበር።»

ደስታው እንደ ማር ጉሮሮዬ ላይ ወረደ። ግን ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን መቼ አየሽው?»

«...ሰኞ።»

«ሰኞ! ረቡዕ ማተሚያ ቤት መግባቱን እያወቅሽ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ባታየው ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። እባክዎ እሷን ይተዉአት።»

የታተመው ሁሉ አንድም ሳይበተን ተቃጠለ። እሱ ውሉን አጣ፤ እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ማታ ግን ያንገበገበኝ ደብዳቤው አልነበረም። በቀሌን ቀማኝ! በእሱ ምሕረት መትረፌ አናደደኝ። በማግስቱ አድራሻውን ከውሉ ላይ አግኝቼ ልሰድበው ቤቱ ሄድኩ።

በሩን ሲከፍት እጁ ላይ እርጥብ ፎጣ ነበር። ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ ተጣራ።

«ግቢ፤ ብቻ ቀስ በይ» አለኝ።

አልጋው ላይ አባቱ ተኝተዋል። ግማሽ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ከአልጋው ሥር መዝገበ ቃላት፣ የተከፈተ ኮምፒውተር፣ የሽንት ዕቃ። ቢሮውን ትቶ አሁን እዚህ ነው ለካ የሚተረጉመው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ቆጠርኩ። ወረቀቷን ሲጽፍልኝ አባቱ ተኝተዋል ማለት ነው።

«‹አገባሽ ነበር› ያልኩሽ ለዚህ ነው» አለ ፎጣውን እየጨመቀ። «ወደዚህ ቤት ማንን ብዬ አመጣለሁ?»

«እሺ፣ አልነገርከኝም። ግን ለምን ሳቅህ?»

«...ፈራሁ። በእኔ ከሚስቁ ባንቺ ይሳቁ አልኩ። ፈሪ ነኝ።»

ልቤ ራራ፤ ቂሜ ግን አልራራም።

«እነሱ ፊት አዋርደኸኛል። እነሱ ፊት ይቅርታ ጠይቀኝ።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አሮጌው ቢሮ ሄድን። ሂሳብ ሹሟም፣ ሁለቱ ተርጓሚዎችም ነበሩ። እሱ ፊታቸው ቆመ።

«ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ። እወዳት ነበር። እናንተን ፈርቼ አዋረድኳት» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሂሳብ ሹሟ አንገቷን ደፋች። ልቤ ረካ! ልዋሻችሁ አልችልም፤ በጣም ረካ።

ደረጃው ላይ «አሁንስ ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እየሄድኩ አባቱን እጠብቅለት ነበር፤ እሱ እንቅልፍ እንዲተኛ።

አንድ ቅዳሜ የአባባን ፀጉር ሳበጥር ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ አንቺ የማን ነሽ?»

እሱ በሩ ላይ ሾርባ ይዞ ቆሟል።

«የልጅዎ እጮኛ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሾርባው ፈሰሰ። አባባ ሳቁ።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ «ወለሉን እሱ ይጥረገው!»