የአዚዛ ጣሳ

በደርግ ጊዜ ነው። የአርብ ገበያው ጤና ረዳት ታፈረ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ኑሯቸው ምን ያህል እንደተመቻቸው ለክቶ እንዲያሳውቅ ታዘዘ። ጠየቀ። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለው፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱ ሊላህ» አለው። አንዱ እያነከሰ፣ ሌላዋ ከስታ ከሰው ተራ ወጥታ፣ ሁሉም ተመስገን ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ አገር ላይ ምኑ ይለካል?

ታፈረ ቢያወጣ ቢያወርድ መላ ሲያጣ ጣሳና አንድ ቁና ገብስ አመጣ።

«ኑሯችሁ በሞላበት ልክ ሙሉልኝ» አለ።

መጀመሪያ ተራው የደረሳት የጨው ነጋዴው የአቶ ጁሃር ልጅ አዚዛ ነበረች። እስከ ግማሽ ሞላችና እጇን አራገፈች።

«ቀሪውስ?»

«ቀሪውማ ትዳር ነበር፤ መርፌዬን የሰማ ሁሉ ሽማግሌዎቹን ይመልሳል» አለች።

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ጁነይዲ፣ በየአርቡ ከወገዳ እየመጣ ልብስ የሚሰፋ ወጣት ነው። እሱም መርፌ ይወጋል። ጣሳውን ተቀብሎ እስኪፈስ ከመረው።

«ምነው ወንድሜ፣ ይህን ያህል ተመችቶሃል?» አለችው አዚዛ።

«እስከ ዛሬ በዚህ አገር ራሱን የሚወጋ ወጣት እኔ ብቻ መስሎኝ ስብሰለሰል ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል።

አዚዛ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አፈረችና ሻሿን አስተካከለች።

ከዚያ ወዲህ አርብን የምትጠብቀው ለጨው ብቻ አልነበረም። ጁነይዲም የስፌት መኪናውን ከጨው መደባቸው ፊት ለፊት ተከለ። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ቀብሮ ከሙቀት እንደሚያድነው ነገራት፤ እሷም እንዲሁ አደረገች። ብዙ አያወሩም። መኪናው ሲቆም ቀና ትላለች፤ እሷ ቀና ስትል መኪናው ይቆማል። ልብስ ያሰፉ ሰዎች ሥራቸው እየዘገየ ተማረሩ።

ጁነይዲ ሽማግሌ ሲልክ ግን አቶ ጁሃር አልተቀበሉም።

«ልጁ ጨዋ ነው። ግን ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ጎጆ? ሲወድቁ ማን ያነሣቸዋል?»

አዚዛ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ወዳዋለች፤ የአባቷ ጥያቄ ግን እሷንም አስጨነቃት።

በሳምንቱ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ አዚዛ ያለ አመሏ ደንበኞቿን ትቆጣ ጀመር። እጇ እየተንቀጠቀጠ ጨዉን ከጣሳው ውጭ ታፈሳለች። አባቷ «አንድ ነገር እምቢ ብል እንዲህ ይኮረፋል?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ጁነይዲ ግን ከወዲያ ማዶ የግንባሯን ላብ አየ። ስኳሯ ወርዷል። በጨርቅ ቋጥሮ ከኪሱ የማይለየውን ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ ሮጠ። ገበያው ሁሉ እያየ፣ አባቷም እያዩ፣ አንገቷን ደግፎ አጠጣት።

«አንተ! እጅህን…» ብለው ጀመሩ አቶ ጁሃር።

ቀሪውን ዋጡት። ፈዝዞ የነበረው የልጃቸው ዓይን ቀስ እያለ ተመለሰ።

«እኔ እኮ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ቀጥለውም፣ «እሱስ ሲወድቅ?»

«እኔ አለሁለታ፣ አባዬ! እኔን የሚያመኝ እኮ ነው የሚያመው፤ እንዴት ይጠፋኛል?» አለች አዚዛ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም።

በዓመቱ ታፈረ ደግሞ ሊለካ ሲመጣ፣ ባልና ሚስቱ አንዳንድ ጣሳ ተሰጣቸው። ጁነይዲ እስከ አፉ ብቻ ሞልቶ አቆመ።

«ምነው? ካገባህ ቀነሰ እንዴ?» አለው ታፈረ።

«ያን ጊዜ የከመርኩት እሷ እንድታየኝ ነው። ይሄኛው እውነተኛው ነው።»

አዚዛም የራሷን እስከ አፉ ሞላች። ከዚያ ከራሷ ጣሳ አንድ እፍኝ ዘግና በባሏ ጣሳ ላይ ከመረችለት። ታፈረ እስክሪብቶውን እንደያዘ ግራ ገባው።

«እንግዲህ የማንን ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«ደባልቀው ይጻፉት» አለችው።