ወደ ምዕራብ የበራ ጧፍ

አልጣሽ የባሏን ሞት የሰማችው በሌላ ሰው ጩኸት ነው። እግሯ ከከዳት ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋዋ ወርዳ አታውቅም። ደሴ ከደረጃው ሥር ወድቆ ነፍሱ ስትወጣ እሷ ከግድግዳው ማዶ እንቅልፍና ሙቀት ተጋግዘውባት ተኝታ ነበር። አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። «ደሴ!» አለች፤ «አንተ ደሴ!» ጥቂት ቆይቶ የካሴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ወይኔ ሚዜዬን! ወይኔ ወንድሜን!»

ካሴ ደሴ ሲያገባ ሚዜው ነበር። በዚያ አገር ሚዜ ሙሽራ አጅቦ፣ በልቶ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ለሙሽራዪቱ ወንድም ሊሆናት ቃል የገባ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ አስታራቂው፣ ቢቸገሩ ደራሹ እሱ ነው። አልጣሽ ወላጆቿን ከቀበረች በኋላ «ወንድሜ» የምትለው ሰው ካሴ ብቻ ነበር። ያን ቀንም እጇን ይዞ አብሯት ያለቀሰው እሱ ነው።

ለቀስተኛው ሳይበተን «ገፍተውት ነው» ተባለና የወረታ ከተማ በሙሉ ገዳዩን አውቆት አደረ። ሰው መቼም ፈራጅ ሲሆን አይደክመውም። ዘመኑ የሚባለው የመስኮት ገጣሚ በዚያው ጠዋት ከደሴ ጋር ተጯጩሆ ነበር። የፎቁን መስኮቶች እጀታ ሳይገጥም ይፋግ ከተማ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ ሊሄድ ሲነሳ ደሴ ተቆጣው። አልጣሽም ጩኸቱን ሰምታ ስለነበር ፖሊስ ሲጠይቃት «እሱ ነው፤ ሌላ ማን አለ!» አለች። ዘመኑ በእሷ ቃል ታሰረ። ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ መጥታ ከደጃፉ ላይ ስታለቅስ አልጣሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከደብረ ታቦር የተላከችው ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ወጣት ሴት ናት። ወደ አልጣሽ ክፍል እንደገባች ከመቀመጧ በፊት ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እትዬ አልጣሽ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ዘመኑ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በፊት ጥቂት ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ ልጄ። የገደለው ግን እሱ ነው።»

«ይሆናል።» ኢንስፔክተሯ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ቶሎ አነሳችው። «ያቃጥላል።»

አልጣሽ «ዝም በይ፣ ደሴ እንዳይሰማሽ» ልትላት ነበር። ከዚያ ደሴ እንደሌለ ትዝ አላትና እንባዋ መጣ።

ይህ መስኮት የደሴ ኩራት ነበር። ቤት ሠሪው ሁሉ ስለ ሴራሚክና ስለ በር ቀለም ሲያወራ እሱ የሚያወራው ስለ መስታወት ነው። ሚስቱ የፎገራን ሜዳ እያየች እንድትውል ብሎ ክፍሏን ፊቱን ለጣና፣ ለምዕራብ አድርጎ ሠራው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ካሴ ከአዲስ አበባ የመስታወት ናሙናዎች አመጣለት። ደሴ ቁራጮቹን ተራ በተራ ፀሐይ ላይ እየያዘ የአልጣሽን እጅ ከሥራቸው አስቀመጠ። ነጩ መስታወት አቃጠላት። ጠቆር ያለው ድርብ መስታወት ብርሃኑን ቀነሰው፤ ጥቂት ሲቆይ ግን ራሱ ጋለ። ሦስተኛውም ድርብና ጠቆር ያለ ነው፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ግን ለዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ አለው፤ ሙቀቱን ወደመጣበት ይመልሳል።

«ይኸ!» አለች ያን ጊዜ አልጣሽ፤ «ይኸ እንደ ዋርካ ጥላ ነው።»

«በቃ፣ የአልጤ ጥላ ይኸ ነው» ብሎ ደሴ ቁራጩን ከራስጌዋ አስቀመጠላት። ለቤቱ የሚሆነውን እንዲያመጣም አደራው ለካሴ ተሰጠ። ሚዜን ማን ይጠራጠራል?

«ከተገጠመ ወዲህ ሙቀቱ ቀነሰልዎት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አልቀነሰም። ካሴ ከበሽታሽ ነው አለኝ፤ የሚግለው ደምሽ ነው፣ መስታወቱ ምን ያድርግሽ አለኝ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ያራግብልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። እኔም ደሴ እንዳይከፋው ዝም አልሁ። የሞተ ዕለት ቀትር ላይ ግን ላብ ቢያጠምቀኝ አምልጦኝ ሙቀቱንም፣ ካሴ ያለኝንም ነገርሁት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ያን ቁራጭ መስታወት አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰው። ከዚያ ከመሳቢያዬ ጧፍ ይዞ ወጣ። ሊጸልይልኝ ነው።»

«ጧፍ መያዛቸውን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ለአንችም የነገርሁሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። እየጸለየልኝ መሞቱን በሆዴ ይዠው ልኑር ብዬ ነበር።»

«ጧፉን ፎቅ ላይ አግኝቼዋለሁ። ሰሙ የተንጠባጠበው በዚህኛው አቅጣጫ ባለው መስኮት ደፍ ላይ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ማሩ፣ የደሴ ታናሽ ወንድም፣ ሲጠየቅ ምንም አልደበቀም።

«ተቀይሜው ነበር። የአባታችንን ቀዬ ትቶ አስፋልት ዳር ምን ወሰደው ብዬ። ያን ዕለት ርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሳጠጣ ዋልሁ። ሰው አይቶኛል፤ ባያየኝም እዚያው ነበርሁ።»

ካሴ የመጣው ማራገቢያውን እንደያዘ ነው። ከአልጣሽ ራስጌ ተቀምጦ ማራገብ ጀመረ።

«አቶ ካሴ፣ ያን ቀን ፎቅ ወጥተው ነበር?»

«ኧረ እኔ! አልጤን ልጠይቅ ስገባ ከደረጃው ሥር ወድቆ አገኘሁት።»

«ሟቹ ፎቅ ላይ ምን ሲሠሩ ነበር ይላሉ?»

«ሲጸልይ ነዋ፣ ጧፉን አብርቶ! ያ አረመኔ በጸሎቱ ላይ መጣበት።»

«ጧፍ?»

ማራገቢያው ቆመ። «ከግቢ ሆኘ አይቸዋለሁ። ነበልባሉ በመስኮቱ ይታይ ነበር።»

«መስኮቱ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።»

«በምኑ ይከፈታል! ያ ሰነፍ እጀታውን መች ገጠመው? ዝግ ነው።»

ማራገቢያው እንደገና ተነሳ። አልጣሽ ቀና ብላ ካሴን አየችው። ወዲያው በራሷ ተናደደች፤ ወንድሟን ልትጠረጥር!

ኢንስፔክተሯ ወጥታ ቆየች። ፀሐይዋ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ተመልሳ ሁሉንም በአልጣሽ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዘመኑ እጁ በካቴና እንደታሰረ ከፖሊስ ጋር በሩ ላይ ቆመ፤ አልጣሽን ቀና ብሎ አላያትም።

«ከጧፉ እንጀምር» አለች ሰብለ ወንጌል። «እትዬ አልጣሽም አቶ ካሴም ደሴ ሲጸልይ ሞተ ብለዋል። ጧፍ የያዘ ሰው ካየን ሌላ አናስብም። ግን ማሩ፣ ስትጸልይ ፊትህን ወዴት ታዞራለህ?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ። ይኸም ይጠየቃል?»

«ሰሙ የተንጠባጠበው በምዕራቡ መስኮት ደፍ ላይ፣ መስታወቱን ተጠግቶ ነው። ደሴ ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጧፍ ምን ይሠራል?» ጧፉን አወጣችና ለኮሰችው። «ማሩ፣ እስቲ ግቢ ውጣና በዚህ መስኮት የያዝሁትን ንገረን።»

ማሩ ወጣ። ኢንስፔክተሯ ነበልባሉን መስታወቱ ላይ ልታስነካ እስክትደርስ አስጠጋችው። የማሩ ድምፅ ከውጭ መጣ።

«ምንም አይታየኝም! የራሴ ፊትና ባሕር ዛፉ ነው እንጅ!»

«ደህና አድርገህ እይ!»

«ኧረ ምንም የለም!»

ማሩ ተመልሶ ገባ።

«ይህ መስታወት ቀን ከውጭ ላለ ሰው ውስጡን አያሳይም። የፎቁም ይኸው ነው፤ ዝግ እንደነበረ ደግሞ አቶ ካሴ ራሳቸው ነግረውናል። እትዬ አልጣሽ ስለ ጧፉ ለማንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርሁም። ታዲያ ጧፉን ያየ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው ሊቆም የሚችለው፤ ፎቁ ላይ፣ ከደሴ አጠገብ።»

«እንዴ!» አለ ካሴ። «እኔ ራሴ ያመጣሁትን መስታወት አላውቀውም እንዴ…»

«ወደዚያ ነው የምሄደው።» ከራስጌው ያለውን ቁራጭ አንስታ ለአልጣሽ አስያዘቻትና ነበልባሉን ከፊቱ ያዘች። «ስንት ነበልባል ይታይዎታል?»

አልጣሽ አተኩራ አየች። «አራት። አንዱ ቀላ ያለ ነው።»

«ቀላ ያለው ቅቡ ነው። ደሴ ይህን መፈተኛ ከስልኩ ላይ አይቶት ነበር፤ ቪዲዮው እዚያው አለ።» ነበልባሉን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «እዚህስ?»

አልጣሽ ቀላ ያለውን ፈለገች። አራቱም ነበልባል አንድ ዓይነት ቢጫ ነበሩ።

«የተገጠመልዎት ያ ቆይቶ ራሱ የጋለው ጠቆር ያለ መስታወት ነው፤ ቅብ የለውም። ዘመኑ የተሰጠውን ገጠመ እንጂ የታዘዘውን አያውቅም። ዛሬ በአቶ ካሴ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ፊቱ እንደዚህ ክፍል ለምዕራብ ነው፤ ግን ደጋ የገባሁ እስኪመስለኝ ቀዘቀዘኝ። ባለቤታቸው ውኃ ሊያመጡልኝ ሲነሱ ክብሪት ጫርሁ። ቀላ ያለው ነበልባል እዚያ ነው ያለው፣ እትዬ አልጣሽ። ጥላዎ እዚያ ነው።»

«ወይ ሰው!» አለ ማሩ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

«ደሴ መጨረሻ የደወለው ለእርስዎ ነው፣ አቶ ካሴ። መስኮት እዚህም ነበር፤ ለምን ፎቅ ወስዶ አሳየዎት? ሚዜው በሚስቱ ፊት እንዳያፍር ብሎ መሰለኝ።»

ማራገቢያው ከካሴ እጅ ወደቀ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «የኔ ጉድለት ነው፣ መስታወቱን እመልሰዋለሁ አልሁት። ይቅር ብየሃለሁ፣ ግን ከበሽታሽ ነው ብለህ የዋሸሃትን ራስህ ንገራት አለኝ። ና እንውረድ ብሎ እጄን ያዘኝ። አንች ፊት ከምቆም… ገፋሁት፣ አልጤ።»

አልጣሽ ረጅም ጊዜ ካሴን አየችው። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ለደሴ ሞት አልቆ ነበርና አልመጣላትም። ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ በላብ ስትጠመቅ ፊቷ ላይ ያራገበው ይኸው እጅ ነው። እሷም መርቃዋለች።

«ከገፋኸው በኋላ መጥተህ እጄን ያዝህ» አለችው።

ፖሊሱ ካቴናውን ከዘመኑ ፈትቶ ለካሴ አሰረው። ሲወጡ ካሴ ዞሮ አላየም።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለች አልጣሽ ዘመኑን። «ሚስትህ ደጄ ላይ ስታለቅስ ፊቴን አዞርሁባት።»

ዘመኑ የእጁን አንጓ አሻሸ። «እኔ ይቅር ብያለሁ። እሷን ግን እርስዎ ይጠይቋት።»

«አምጣት። እጠይቃታለሁ።» ወደ መስኮቱ አየች። «አሁን ግን ይኸን መስታወት አውጣልኝ።»

«እትዬ፣ ሌላ እስኪመጣ ፀሐዩ እንዳለ ይገባብዎታል። ይብስብዎታል።»

«ይግባ። እሱ እንኳ ፀሐይ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣብኝ።»

ዘመኑ ኢንስፔክተሯን አየ፤ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችለት። ከደሴ ጋር በተጣላበት ጠዋት ጥሎት የሄደውን መፍቻ ከጥግ አነሳና ሥራውን ጀመረ።