መርዶውን በቀን ያመጣው ሰው

አዛናውን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት በጓል ግንባሩን ፈነከትኩት።

ወንድሜ አበረ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ከወረታ ወጣ ብሎ ካለው ማሳችን ሽምብራ ስነቅል አንድ የሚያነክስ ወታደር መጣ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እሱ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ እንደ ቆመ...

«የአበረ እህት ነሽ? ጓደኛው ነኝ። አበረ ሞቷል።»

ሌላ የምይዘው አጣሁና ጓሉን አነሳሁ።

ደሙን ጠርጎ ቤታችን ገባ፤ ከእናቴ ጋርም ለቅሶ ተቀመጠ። ሁሉም ሲያለቅስ እኔ እንባዬ እምቢ አለኝ። የሚመጣብኝ ንዴት ብቻ ነበር። ከጎረቤት ተጣላሁ፣ ላሟን ያለጥፋቷ መታኋት፣ አዛናውንማ ዓይኑን ማየት ጠላሁ።

ሰኔ ሲቃረብ እናቴ እንዲያርስልን ጠራችው። እሱ ሲያርስ እኔ ከኋላው ጓሉን በዱላ እከሰክሳለሁ።

«ማንን ነው እንዲህ የምትመቺው?» አለኝ በሬዎቹን አቁሞ።

«አንተን።»

«እኔን ብቻ?»

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «አበረንም። እመጣለሁ ብሎኝ ነበር እኮ...»

«እኔም ተናድጄበታለሁ። አብረን እንመለሳለን ተባብለን ነበር።»

ይኸን ብሎ ትልሙ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ንዴቴ ሲመጣ እነግረዋለሁ። እሱም ስለ አበረ ያወራልኛል፤ ምሽግ ውስጥ ላሞቻችንን በስም እየጠራ ጓዶቹን ያስቃቸው ነበር አሉ። ሳቅሁ። መሳቄ እኔኑ ገረመኝ።

እርሻው ሲያልቅ ግን ቀረ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አገሩ ይፋግ ድረስ ሄጄ ገበያ ላይ ያዝኩት።

«ምነው ጠፋህ?»

«ስታዪኝ ሞቱ ትዝ እንዳይልሽ ብዬ ነዋ።»

«አንተ ሞኝ፣ አበረ ሲስቅ የሚታየኝ አንተ ስታወራ ነው። ደግሞ... አንተንም ወድጄሃለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «እናትሽ ምን ይሉኛል?»

«ሽማግሌ ላክና ስማ።»

እናቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ ጠላ ቀዳችላቸው።

«አበረን የሚያውቅ ሰው ከቤቴ አይጥፋብኝ» አለች።

በጥር ተጋባን። በሠርጉ መሐል እናቴ አበረን አስታውሳ ስታለቅስ አዛናውም እጇን ይዞ አብሯት አለቀሰ። «በሠርግ ለቅሶ አለ እንዴ?» አሉ ሚዜዎቹ።

«ተዉአቸው» አልኩ። «ሲወጣላቸው ይዘፍናሉ።»

ዘፈኑም።